ለአማል የፈረምኩት

አባዬ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ የጫማ ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሶፋው ላይ ጋደም አለ።

«ክፈቺው እስቲ» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሊወጣ ሲል፣ ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል እግሬ እንደሚያብጥ ነግሬው ነበር። ነርሶች የሚያደርጉት ነጭ ለስላሳ ጫማ አለ፤ በእናንተ መስመር ጥሩ ጥሩው ይገኛል ሲሉ ሰምቻለሁ አልኩት። ብዙ ነገር የምጠይቅ ልጅ አይደለሁም። ይህንንም የተናገርኩት ፊቱን ሳላይ፣ ሳህን እያጠብኩ ነው።

«አላህ ይስጥልኝ አባዬ» አልኩት ገና ክዳኑን ሳላነሳ። «አልረሳኸውም።»

«እንዴት እረሳለሁ፤ እሑድ ነው እኮ ጨዋታዋ።»

ክዳኑን አነሳሁት። ጥቁር ታኬታ ነው፤ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ መስመር አለው።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ምን አስቤ እንዳመሰገንኩት የገባው መሰለኝ። «የአንቺና የአማል እግር አንድ አይደል? ሠላሳ ሰባት» አለ። «እስቲ አድርጊው፤ እንዳይጠባት።»

አደረግኩት። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄድኩበት። «ልክ ነው» አልኩና አውልቄ፣ ወረቀቱን እንደነበረ አጣጥፌ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።

እህቴ አማል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በስድስት ዓመት እበልጣታለሁ። ለቱሉ ዲምቱ ሴቶች ቡድን አጥቂ ሆና ትጫወታለች። አባዬ የተሳቢ ሾፌር ነው። እኔ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ስመረቅ ጭነት ይዞ ጋላፊ ጉምሩክ ተሰልፎ ስለነበር አልመጣም። የሥራው ጠባይ ነውና አልተቀየምኩም፤ ወይም አልተቀየምኩም ብዬ ነበር። በኋላ አማል በክፍለ ከተማው ውድድር መሰለፍ ስትጀምር ከሌላ ሾፌር ጋር ተራ እየተቀያየረ እሑድ እሑድ ሜዳ መገኘት ጀመረ። እስካሁን ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውታለች፤ ሰባቱን አይቷል። የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

እኔም ሜዳ አልጠፋም፤ የቡድኑ ወጌሻ ነኝ። አሰልጣኙ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ክሊኒክ መጥተው ደም ግፊታቸውን ስለካቸው ቡድኑን እንድረዳ ጠየቁኝ፤ እምቢ ማለት ስለማይሆንልኝ እሺ አልኩ። ፋሻ፣ ፕላስተርና በረዶ የያዘ ሰማያዊ ቦርሳ አቅፌ ከመስመሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ልጆቹ በስሜ አይጠሩኝም። ሒክማ ማለት የአማል እህት ማለት ነው፤ ወጌሻ ማለት ግን እኔ ነኝ።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሥራ ሠርቼ ነበር። የድንገተኛ ሕክምና ያስተማረን መምህር፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አንጎሉ ቢናወጥም በራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል፣ ምልክቱ የሚገኘው ሚዛኑ፣ ትዝታውና ጠባዩ ላይ እንደሆነ አስተምሮናል። ስለዚህ ተጫዋች ደህና በሆነበት ቀን ተፈትኖ ውጤቱ ይቀመጣል፤ የተመታ ዕለት ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። አሥራ ስምንቱንም ልጆች አንድ በአንድ እኛ ቤት ጠርቼ ፈተንኳቸው። በአንድ እግር መቆም፣ ወራትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መቁጠር፣ አምስት ቃላት ሰምቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መድገም።

«ወጌሻ፣ ከወደቅን ክረምት እንማራለን?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ወራቱን ሲቆጥሩ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ከነሐሴ ነው የጀመሩት። ጳጉሜን ትዝ አላለቻቸውም። አማልም ከነሐሴ ጀመረች፤ ከአምስቱ ቃላት ደግሞ ሦስቱን ብቻ አስታወሰች። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የሠራሁት ስህተት ሌላ ነው። ለአሥራ ስምንቱም ተመሳሳይ ቃላት ተጠቀምኩ። ሎሚ፣ ወንበር፣ ዝናብ፣ ቁልፍ፣ በግ። አማል ተፈትና ከጨረሰች በኋላ ሌሎቹን ስፈትን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካ ነበር። ትሰማለች ብዬ አላሰብኩም።

ሐሙስ ልምምድ ላይ ተመታች። ሜዳችን ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ነው፤ በበጋ መረሬው አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል። አማል አዲሱን ታኬታ አድርጋ ነበር። ከማዕዘን በተሻማ ኳስ እሷና ተቅዋ እኩል ዘለሉ። ተቅዋ ሁለተኛዋ አጥቂ ናት፤ ብዙ ጊዜ በቅያሪ ነው የምትገባው። ግንባርና ግንባር ሲጋጭ ድምፁ እኔ እስከተቀመጥኩበት ተሰማ። ተቅዋ ቅንድቧን ይዛ ቁጭ አለች። አማል በጀርባዋ ወደቀች፤ ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ አልተንቀሳቀሰችም።

እስክደርስ ድረስ አንድ ላስቲክ ውሃ አፍስሰውባታል። እምነት የምትባለው በረኛ ሎሚ በጥርሷ ቦጭቃ የአማል አፍንጫ ላይ ይዛለች።

«ውሃውን ተዉት፤ አታንሷት፣ አንገቷን ልየው» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ማንም አልሰማኝም። አማል ራሷ ተነሳች።

«ደህና ነኝ፣ ልቀቁኝ ባካችሁ። ኧረ አስም የለብኝም፣ አየር ስጡኝ።»

ከመስመሩ ውጭ አስቀመጥኳት። አንገቷን ዳሰስኩ፣ ዓይኗን አየሁ።

«የት ሜዳ ነው ያለነው?»

«አንቺ ደሞ፣ ሙድ አትያዢ።»

«መልሺልኝ።»

«ቱሉ ዲምቱ።»

«ባለፈው እሑድ ከማን ጋር ተጫወትን?»

«ከቂሊንጦ። ሁለት ለአንድ። ሁለቱንም እኔ ነኝ ያገባሁት፤ እሱንም ጻፊው።»

ልጆቹ ሳቁ። ወራቱን ወደ ኋላ እንድትቆጥር ጠየቅኳት። «ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ» ብላ ትንፋሽ ሳትወስድ እስከ መስከረም ወረደች። አምስቱን ቃላት ነገርኳት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስጠይቃት አንድም ሳትስት፣ በተራቸው ደረደረቻቸው።

«እንግዲህ አለፈች» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። «ከነማዕረጓ።»

ደብተሬን ገልጬ አየሁ። ደህና በነበረች ቀን ሦስት ቃል፤ ጭንቅላቷን በተመታች ቀን አምስት። ተመትቶ ትዝታው የተሻሻለ ሰው አይቼ አላውቅም። አልጋዋ ላይ ሆና በቃሏ እንደያዘችው ያኔ ገባኝ። ግን ያንን ሰው ፊት ማለት፣ ጎበዝ ስለሆነች ተከፋሁ እንደማለት ሆኖ ታየኝ።

«ዛሬ ግን ትረፍ» ብቻ አልኩ።

«ዛሬማ አልቋል» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። «እኔ የምፈልጋት እሑድ ነው።»

እሑድ ከኮዬ ፈጬ ጋር ነበር ጨዋታው። የአንድ ክለብ መልማዮች አጥቂ ሊያዩ እንደሚመጡ ለጋሽ ሰይፈሥላሴ ተነግሯቸዋል። አጥቂ ሲባል ደግሞ አማል ማለት ነው። አባዬ ይህንን ከሰማ ጀምሮ ሁለት ሾፌር ጓደኞቹን ጋብዟል። እማዬ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ደሴ ሄዳ ስለነበር በየቀኑ እየደወለ ይነግራታል። አንዴ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝና እማዬ፣ «ያንቺስ ሥራ እንዴት ነው?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ስልኩን መለስኩለት።

ዓርብ የከሰዓት ተረኛ ስለነበርኩ ረፋዱ ላይ ቤት ነበርኩ። አማል መስኮቱ ላይ ሻርፕ ሰቅላለች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፀሐዩ አስጠላኝ።»

«ራስሽን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

ስልኳ ተገልብጦ ተኝቷል። አማል ስልኳን ገልብጣ አስቀምጣ አታውቅም። ቁርስም አልነካችም። ቀስ ብዬ፣ «ያቅለሸልሻል?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ሒክማ፣ አንቺ ነገር ትፈልጊያለሽ። ጫማው ከመጣ ጀምሮ ፊትሽን እያየሁት ነው። ብትቀኚም እኮ አልፈርድብሽም፤ ግን በሽታ አትፍጠሪልኝ።»

«አልቀናሁም።»

«እሺ አልቀናሽም።»

ቀንቼ ነበር። ያ ነው ችግሩ። ባልቀና ኖሮ እጮህባት ነበር፤ እጇን ይዤ ክሊኒክ እወስዳት ነበር። አሁን ግን የማየውን ምልክት ሁሉ እያገላበጥኩ፣ ይሄንን ያየሁት ስላለ ነው ወይስ እንዲኖር ስለፈለግኩ ነው እላለሁ። የምትቀርበት ጨዋታ ይኑር ብዬ ስንት ጊዜ በልቤ እንዳሰብኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

አባዬ ለጁሙዓ ወደ መስጊድ ወጣ። እኛ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ቤት ሰገድን፤ አራት ረከዓ፣ ማለትም አራት ዙር አለው። እኔ ቀድሜ ጨርሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ካልሲ እያደረግኩ ነበር። አማል መስገጃው ላይ ቆመች። ሰው ሲሰግድ ማየት ልማዴ አይደለም፤ ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ ነው ያየሁት። ግንባሯን መሬት ስታስነካ ቶሎ አልተነሳችም። መዳፏን ግንባሯና መስገጃው መካከል አስገብታ ቆየች። ስትነሳ ግድግዳውን ያዘች። ሁለተኛውን ረከዓ ጨርሳ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላም ብላ ሶላቱን ጨረሰችና መስገጃውን ማጠፍ ጀመረች።

«አማል፣ ሁለት ነው የሰገድሽው» አልኳት።

«አራት ነው።»

«ሁለት ነው።»

«ወላሂ አራት ነው» አለች፤ ከዚያ በራሷ መሐላ ደነገጠች መሰለኝ፣ መስገጃውን መልሳ ዘረጋች። «እሺ፣ ካልሽ እደግመዋለሁ።»

ደገመችው። በዚህኛው አምስት ሰገደች።

አማል ብዙ ነገር ትዋሻለች። ለእማዬ ትዋሻለች፣ ለጋሽ ሰይፈሥላሴ ትዋሻለች፣ ለኔ ፈተና በቃሏ አጥንታ መጥታለች። በሶላት ግን አትዋሽም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባዬ አጠገቡ አቁሞ ያስተማራት ነገር ነው፤ ተኝታም ብትሰግድ የማትሳሳተው። ከዚያ በኋላ እርግጠኛ ሆንኩ። ምልክቱን እኔ አልፈጠርኩትም።

አባዬ ከጁሙዓ ሲመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅኩት። አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«አባዬ፣ አማል እሑድ መጫወት የለባትም።»

«ለምን?»

«ሐሙስ ጭንቅላቷን ተመትታለች። አንጎሏ ተናውጧል። ብርሃን ይረብሻታል፣ ምግብ አስጠልቷታል። ይህ ሳይድን ሌላ ምት ካገኛት በጣም አደገኛ ነው።»

«ፈትነሻት አልፋለች አሉኝ እኮ።»

«ፈተናውን አጥንታው ነው።»

ፈገግ አለ። «ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት እያለች እንዲህ ብታጠና ጥሩ ነበር።» ከዚያ ፊቴን አይቶ ፈገግታውን ተወው። «አብሽሪ ልጄ። እኔ ደወሌ አጠገብ መኪናው ሲንሸራተት ጭንቅላቴ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ፣ በማግስቱ እስከ ድሬዳዋ ነድቻለሁ። ሁለት ቀን አላት፤ ታርፋለች።»

«አባዬ፣ ስማኝ...»

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። በጣም በዝግታ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «ጫማው ነው እንዴ ሒክማ?» አለኝ።

ስለ ሶላቱ ልነግረው ነበር። ተውኩት። «አይደለም» አልኩና ደረጃውን ወርጄ ሥራ ሄድኩ። ክሊኒክ እስክደርስ ድረስ ያቺ ጥያቄ አብራኝ ሄደች። በክፋት ቢላት ይሻለኝ ነበር። ያላት አዝኖልኝ ነው።

ቅዳሜን ምንም ሳልናገር ዋልኩ። አማል ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝታ ዋለች። አባዬ ብርቱካን ልጦ አልጋዋ ድረስ ወሰደላት። «ለነገ ጉልበት እያጠራቀመች ነው» አለኝ በሩን ቀስ ብሎ እየዘጋ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን በተኛሁበት ጊዜ ብርቱካን የላጠልኝ ሰው እንዳለ ለማስታወስ ሞከርኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር የማስበው፤ እህቴ ከግድግዳው ወዲያ ታማ ተኝታ።

እሑድ ጠዋት ሜዳው ዳር ሰው ሞልቷል። መልማዮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ሴት ናት፤ ጃንጥላ ይዛ ደብተር ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። አባዬ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

በውድድሩ ደንብ የተሰላፊዎቹ ዝርዝር ለዳኛው ከመሰጠቱ በፊት ወጌሻው በእያንዳንዷ ስም ትይዩ ይፈርማል። ጤነኛ ናት ማለት ነው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«ቶሎ በይ ወጌሻ፣ ዳኛው እየጠበቀ ነው።»

እየፈረምኩ ወረድኩ። ዘጠነኛው ስም ላይ እጄ ቆመ። አማል አጠገቤ ቆማ ታኬታዋን ታጠብቃለች፤ አጎንብሳ ቀና ስትል ዓይኗን ጨፈነች። አየኋት፤ ማየቴንም አየች። አባዬን አየሁት። እጁን አንስቶ ሰላም ያለው አማልን ነው።

ካልፈረምኩ ሁሉም ሰው አባዬ ያለውን ይላል፤ ጫማው ነው ይላል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ለሌላ ሰውም ልነግረው የምችለው እሱን ነው። ሁለተኛው ይህ ነው። በዚያ ሁኔታዋ ጥሩ መጫወት እንደማትችል አውቅ ነበር። ጓደኞቹና ያቺ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ባሉበት፣ አባዬ አንድ ቀን እንኳን እንደማንኛዋም ልጅ ስትንገዳገድ እንዲያያት ፈለግኩ።

ፈረምኩ።

ጨዋታው ተጀመረ። መጀመሪያ ያገኘችውን ኳስ ማንም ለሌለበት ሰጠች። ሁለተኛውን ረገጠችው። «ምን ሆና ነው ዛሬ?» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው። አባዬ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ደብተሯ ላይ አንዳች ነገር ጻፈች።

ደስ አለኝ። ይህንን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ደስ አለኝ። ወደ አሥር ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ ኮዬ ፈጬዎች አገቡ። ጨዋታው ከመሃል ሊጀመር ልጆቹ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ አማል ሄዳ ከኮዬ ፈጬ ተከላካዮች መካከል ቆመች። አንዷ ተከላካይ ትከሻዋን ይዛ አዞረቻትና፣ «እህት፣ ሰፈርሽ በዚያ ነው» አለቻት። ሰው ሳቀ። አማልም ሳቀች። ሳቋ ፊቷ ላይ እያለ ግን ዓይኗ ወደ ሜዳው ዳር መጣ። የሚፈልገው አባዬን አልነበረም። አልፎት ሄዶ ሄዶ እኔ ላይ ቆመ። ልጅ ሆና ገበያ ውስጥ እጄን ስትለቅ ታየኝ የነበረበት ዓይን ነው።

ኳሱ ተመትቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ እሷ ነበር የሚወርደው። ለመዝለል ጉልበቷን አጠፈች።

ሜዳ ውስጥ መግባቴን ያወቅኩት ቦርሳዬ ከትከሻዬ ሲወድቅ ነው። ከመዝለሏ በፊት ክንዷን ይዤ ወደ ታች ሳብኳት። ኳሱ ከኋላችን መሬት መትቶ ነጠረ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

«አንቺ፣ ማን ፈቀደልሽ?»

«ታማለች። ትውጣ» አልኩ።

«ልቀቂኝ» አለች አማል በጥርሷ መካከል። «ሰው እያየን ነው፤ ልቀቂኝ።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ መጡ፤ ከኋላቸው አባዬ መጣ። አባዬ ሰው ፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም። «ሒክማ፣ ከሜዳ ውጪ» አለኝ። «ነገሩን ቤታችን እንጨርሰዋለን።»

«ቀንታ ነው አባዬ» አለች አማል። «ነግሬህ ነበር እኮ።»

«አዎ ቀንቻለሁ» አልኩ።

እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ቀንቼ ነው የፈረምኩት» አልኩ። «እንደታመመች እያወቅኩ ነው ያስገባኋት። ባልቀና ኖሮ አልፈርምም ነበር። አባዬ፣ ዓርብ ዙህር ሁለት ረከዓ ሰግዳ አራት ነው አለችኝ፤ ድገሚው ስላት አምስት ሰገደች። ልነግርህ ነበር፤ ጫማው ነው ስትለኝ ተውኩት።»

አባዬ ወደ አማል ዞረ። ያሁኑ አጠያየቁ የተለየ ነበር፤ ልጅ ሆነን መስገጃ ላይ እንደሚጠይቀን ነበር። «ስንት ሰገድሽ?»

«አራት» አለች። «አራት መሰለኝ።» ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ «አላውቅም አባዬ። ከሐሙስ ጀምሮ አላውቅም» አለች።

ይዘናት ወጣን። ተቅዋ በእሷ ቦታ ገባች። መስመሩ ዳር ስትደርስ አማል አስመለሳት። አባዬ ተንበርክኮ የታኬታውን ክር ፈታ፤ አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን ፈታ። ከጓደኞቹ አንዱ ሚኒባስ አቁሞ ስለነበር ቃሊቲ ወዳለ ሆስፒታል ወሰድናት። መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቷ እኔ ጭን ላይ ነበር፤ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጄ ያዝኩት።

ሐኪሙ ዓይኗን በባትሪ አየ፣ በአንድ እግሯ አቆማት፤ ወደቀች። የጭንቅላት ምርመራ አዘዘ፤ ደም አልፈሰሰም። ለስድስት ሰዓት እዚያው ተኝታ እየታየች ቆየች። አንጎሏ እንደተናወጠ፣ ሁለት ቀን ፍጹም ማረፍ እንዳለባት፣ ስልክና ቴሌቪዥን እንዲቀርባት፣ ከዚያ መጀመሪያ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ኳስ፣ በግንባር መምታት ግን ከሁሉም በኋላ እንደሆነ ነገረን። በመካከል ራሷን ካመማት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ትውከቱ ከበዛ፣ ወይም እንቅልፉ ከባድ ከሆነባት፣ ወይም አነጋገሯ ከተበላሸ ሳንውል ሳናድር እንድናመጣት አለ።

«ሌላ ምት ቢጨመርበት ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ። «ማን ነው ከሜዳ ያስወጣት?»

«እህቷ ናት» አለ አባዬ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀልኝ። ማን እንዳስገባት አልጠየቀም።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አልቋል። ያገባችው ተቅዋ ናት፤ በማግስቱ ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ ደውላ ለሙከራ ጠራቻት። አማል ይህንን ከእምነት በሰማች ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። ለእኔ አራት ቀን ቃል አልተነፈሰችም። በአምስተኛው ቀን «ውሃ ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት።

አባዬ አምስት ቀን ሥራ አልወጣም። አልጋዋ አጠገብ ወንበር አድርጎ ተቀመጠ፤ የማታነበውን መልእክት ሁሉ ከስልኳ ላይ አነበበላት። አምስት ቀን ነው፤ እሱንም ቆጠርኩት። በስድስተኛው ቀን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ «ያንን ነጭ ጫማ ስሙን ጻፊልኝ» አለኝ። ጻፍኩለት። ወረቀቱን ኪሱ ከተተው።

በየጠዋቱ ከአማል ጋር ሜዳውን ዞርኩ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከአሥር ቀን በኋላ በሶምሶማ። አንድ ቀን ራሷን አመማትና ወደ እርምጃ ተመለስን። ስትሰግድ አልጋዬ ላይ ሆኜ እቆጥር ነበር። አራት ሆነ፤ በሚቀጥለውም ቀን አራት።

በሃያ አራተኛው ቀን አዲስ አምስት ቃላት ነገርኳት። ሦስቱን አስታወሰች። ወራቱን ከነሐሴ ጀመረች። ደብተሬን ገልጬ ከድሮው ጋር አነጻጸርኩት፤ አንድ ዓይነት ነው። እሑድ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ዝርዝሩን ሲያመጡልኝ ዘጠነኛው ስም ላይ ፈረምኩ፤ አማል በሁለተኛው አጋማሽ ገብታ ሃያ ደቂቃ ተጫወተች።